ኢሜይሉና መዝገቡ የሚገናኙበት ቦታ

ለድርጅታችን የሚሆን የኢሜይል ሥርዓት ለመምረጥ በተቀመጥንባቸው ውይይቶች ሁሉ ጎልቶ የሚነሣው የመልእክት ሣጥኑ ስፋትና የወር ክፍያው ነው። ሁለቱም ሊታዩ ይገባል። ነገር ግን ትዕዛዙም፣ ክፍያውም፣ የደንበኛው ማኅደርም በዳታቤዝ (መረጃ በሠንጠረዥ ተደራጅቶ በሚቀመጥበት ሥርዓት) ውስጥ በሚገኝበት መሥሪያ ቤት ምርጫውን ሊወስን የሚገባው፣ ደንበኛ የጻፈው መልእክት የሰው እጅ ሳይገባበት የራሱን መዝገብ ማግኘት መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

የትዕዛዝ ማረጋገጫን ልውሰድ። ፕሮግራሙ የትዕዛዙን ቁጥር በርእሱ ላይ ጽፎ ይልካል፤ ደንበኛው ግን ሲመልስ ርእሱን ይለውጠውና ግንኙነቱ እዚያው ላይ ይቋረጣል። ከርእሱ ይልቅ የሚታመነው በኢሜይሉ ራስጌ፣ ማለትም ከመልእክቱ ጋር በሚጓዘው የላኪና የተቀባይ መረጃ ውስጥ የሚገኘው ሜሴጅ አይዲ የተባለው መለያ ነው፤ መልስ ሲጻፍ ይህ መለያ አብዛኛውን ጊዜ «ኢን ሪፕላይ ቱ» በተባለው መስመር ላይ ተመልሶ ይመጣል። መለያውን ከትዕዛዙ ቁጥር ጎን በሠንጠረዥ ያስቀመጠ ፕሮግራም፣ ርእሱ ምንም ቢሆን፣ መልሱ ለየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ ይለያል። አንዳንድ የመላኪያ አገልግሎቶች ግን ፕሮግራሙ የሰጠውን መለያ አንሥተው በራሳቸው ይተኩታል። ይህ ትንሽ የሚመስል ጠባይ ሥራውን በሙሉ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ውል ከመፈረሙ በፊት መመርመር ያለበት ነገር ነው።

ኢሜይልንና ዳታቤዝን አንድ ላይ የማኖር ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው ሎተስ ኖትስ የተባለው የቢሮ ሥራ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ደብዳቤ እንደ ዳታቤዝ ሰነድ ይይዘው ስለነበር፣ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው በመልእክት ሣጥን በኩል ሊዘዋወር ይችል ነበር። ይህ ቅርበት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሆኖም ምርቱ በ1995 ወደ አይቢኤም፣ በ2019 ደግሞ ኤችሲኤል ወደተባለው ኩባንያ ሲዛወር፣ በእሱ ላይ የተሠሩት አፕሊኬሽኖች ተነጥለው መቆም ስለማይችሉ፣ ተጠቃሚዎቹ ምርቱን ተከትለው መሄድ ወይም አፕሊኬሽኖቹን እንደ አዲስ ማሠራት ነበረባቸው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው፣ ደብዳቤው በኢሜይል ሰርቨር፣ መዝገቡ በዳታቤዝ ሆነው በታወቁ ደረጃዎች፣ ማለትም የተለያዩ ፕሮግራሞች በሚግባቡባቸው የጋራ ደንቦች እንዲገናኙ ነው፤ ለመላክ ኤስኤምቲፒ፣ ለማንበብ አይማፕ፣ ለሠራተኞች ዝርዝር ኤልዳፕ። ፖስትፊክስን የመሰለ የኢሜይል ሰርቨር አድራሻዎችን በቀጥታ ፖስትግሬስኪውኤል ወይም ማይኤስኪውኤል ከተባሉት ዳታቤዞች ሠንጠረዥ ማንበብ ስለሚችል፣ ሠራተኛ ሲለቅ በአንድ ቦታ የሚደረግ ለውጥ ይበቃል። የመግቢያው ሥርዓትም አብሮ ይታይ፦ ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ኤክስቼንጅ ኦንላይን በተባለው የኢሜይል አገልግሎቱ ላይ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ የሚደረገውን መግቢያ መዝጋት ሲጀምር፣ በዚያ መንገድ ሣጥን ያነብቡ የነበሩ ፕሮግራሞች በቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ ለተወሰነ ጊዜ በሚሰጥ የመግቢያ ፈቃድ) ወደሚሠራው መግቢያ መዛወር ግድ ሆኖባቸዋል።

ከራሳችን ፕሮግራም በኩል ደግሞ የሚላከው ኢሜይል በቅድሚያ በሠንጠረዥ ተራ እንዲይዝና ትዕዛዙ በዳታቤዝ ከጸና በኋላ ብቻ እንዲወጣ እፈልጋለሁ፤ አለዚያ የተሰረዘ ትዕዛዝ ማረጋገጫው ደንበኛው እጅ ይገባል።

ለአቅራቢዎቹ የምጽፈው ጥያቄ ከዚህ በኋላ አጭር ነው። የመሞከሪያ ሣጥን እንዲሰጡን፣ የላክነው መለያ ሳይለወጥ መድረሱን እንዲያሳዩን፣ አገልግሎቱን ብናቋርጥም ደብዳቤዎቻችንን ከነሙሉ ራስጌያቸው እንደሚያስረክቡን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን እጠይቃለሁ።