እንጀራ የሚሸፍነው ሳህን

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነና ዝናቡም ከቤት ስላላስወጣኝ፣ የሸክላ ሳህኖቼን ከመደርደሪያው አውርጄ አንድ በአንድ ለብ ባለ ውሃ አጠብኳቸው። 11 ናቸው። ከመካከላቸው ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት የሉም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዳንድ እያልኩ የሰበሰብኳቸው ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻውን ከ40 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ በአንድ ጊዜ ሙሉውን መግዛት አስቤም አላውቅ።

የምገዛቸው ከሰሜን ካሮላይና ነው። ከምኖርበት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ አምስት ሰዓት ያህል ሲነዳ ሲግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው አፈር ለሸክላ የተመቸ በመሆኑ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሸክላ ሠሪዎች የሰፈሩበት አካባቢ ነው፤ 705 ቁጥር የሆነውን አውራ ጎዳናም «የሸክላ መንገድ» ይሉታል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረስኩባት ለሠርግ ወደ ሻርሎት ስሄድ፣ ቡና ፍለጋ ከመንገዴ ወጣ ብዬ ነበር። ቡናውን አላገኘሁም።

ያገኘሁት ጠርዙ ቡናማ፣ ወደ መሃሉ እየጠለቀ ሲሄድ ግን በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እንደሚያድር ሽበት አረንጓዴ የሆነ አንድ ሳህን ነው። ማን እንደ ቀባው ሠሪውን ስጠይቀው ማንም አልቀባውም አለኝና፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ነገሩን አስረዳኝ። ግሌዝ የሚሉት ልባስ ቀለም ሳይሆን በእሳት ቀልጦ በሸክላው ላይ የሚጋገር መስታወት ነው፤ የተፈጨ ድንጋይ፣ አፈርና የእንጨት አመድ በውሃ ተበጥብጠው ሳህኑ ይነከርባቸዋል፤ ከዚያም እቶኑ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃረብ አመዱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ልባሱን አቅልጦ ያስኬደዋል። ከጠርዙ ሸሽቶ ስለሚሳሳ እዚያ የሸክላው ቡናማነት ብቅ ይላል፤ መሃል ላይ ተጠራቅሞ ስለሚወፍር ደግሞ ጠለቅ ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴውን የሚሰጠው ብረት ነው። ያው ብረት እቶኑ አየር ሲጠግብ ማር ወይም ቡናማ ይመስላል፤ አየር ሲያጥረው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሠሪው እንግዲህ የሚወስነው የልባሱን ውፍረት፣ የሳህኑን ቦታና የእሳቱን መጠን ነው፤ ቅጠል የሚመስለውን፣ ዝናብ የሚመስለውን መስመር የሚጽፈው ግን ወደ ታች የሚፈስሰው ልባስ ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ከተማ በ1923 ወደተከፈተው ፍሪር ሙዚየም መመላለስ ጀመርኩ፤ መግቢያው ነጻ መሆኑ ሳይረዳኝ አልቀረም። የቻይናው የሶንግ ዘመን (ከ960 እስከ 1279) የፉጂያን ሸክላ ሠሪዎች ለሻይ የሠሯቸው ጥቋቁር ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ፤ ከጠርዛቸው ወደ ውስጥ የሚወርዱት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች የጥንቸል ፀጉር ተብለው ይጠራሉ። በዚያው ዘመን ጂጆው በሚባል ሌላ የቻይና ስፍራ የነበሩ ሠሪዎች ደግሞ እውነተኛ የዛፍ ቅጠል ልባሱ ላይ አስቀምጠው በማቃጠል የቅጠሉን ጅማቶች ሳይቀሩ ሳህኑ ውስጥ ያስቀሩ ነበር። እኔ ዘንድ ካሉት 11 ውስጥ አንዱም ይህን ያህል አይደፍርም፤ ሦስቱ ግን የጥንቸሉን ፀጉር ይመስላሉ ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ሁሉም ግን እንደ ድንጋይ የማይደፈሩ አይደሉም። ከሁሉም አስቀድሜ የምወደው ነጣ ያለው ሳህን፣ ልባሱ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው ይበልጥ ስለተኮማተረ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅጥቅ አለበት። የፋሲካ ሰሞን አልጫ ወጥ አቀረብኩበትና እርዱ በስንጥቆቹ ገብቶ ድሩን ቢጫ አደረገው። ስንት ጊዜ በሶዳ ብፈትገውም አልለቀቀም። መጀመሪያ አዝኜ ነበር፤ አሁን ግን ሠሪው ካወጣለት መልክ ይልቅ አልጫው ያወጣለትን እመርጣለሁ።

ባለፈው መስከረም አክስቴ ከባሕር ዳር መጥተው አንድ ወር ተቀመጡ። ደስ እንዲላቸው ብዬ የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ለሦስታችን በሦስት ሳህን ለየብቻ አቀረብኩ። ሳህኖቹን አይተው ወደ እኔ ዞሩና «ምነው፣ ተጣልተናል እንዴ?» አሉ። በዚያ ላይ ያ ሁሉ የደከምኩለት ሽበትና ዝናብ እንጀራው ሥር ተደብቆ ቀርቷል። ወደ መጨረሻው ሲደርሱና መሃሉ ሲገለጥ፣ በብረት የመጣውን ጥቁር ነጠብጣብ በጣታቸው እየፈተጉ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ በደንብ አልታጠበም» አሉኝ። ማስረዳቴ አልቀረም። ሲሰሙኝ ቆይተው ወጥ ይሠራበት እንደሆነ ጠየቁ። እሳት ላይ ቢጣድ እንደሚሰነጠቅ ስነግራቸው «እሳት የማይችል ደግሞ ምን ሸክላ ይባላል?» አሉ። እውነት አላቸው፤ የእኛ ድስት በትንሽ ሙቀት የተተኮሰና ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሸካራ ሸክላ ስለሆነ ነበልባሉን ሲችል፣ የእኔ ሳህን በብዙ እሳት ጠጥሮ ውሃ እንዳያሳልፍ ተደርጓልና ድንገተኛ ሙቀትን አይወድም።

አክስቴ ከሄዱ በኋላ ግን «ተጣልተናል እንዴ» የምትለው ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰበስብ የኖርኩት ለብቻው የሚበላ ሰው ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሲግሮቭ ሄጄ፣ ለአራት ሰው የሚበቃ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰፊ ሳህን አዘዝኩ። ሠሪው ጭንቅላቱን አከከ። ጭቃው እስኪደርቅና እስኪተኮስ 12 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ መጀመሪያ ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ አድርጎ ሊሠራው ነው፤ ይህን ያህል ሰፊ ነገር ደግሞ እቶን ውስጥ ለመጣመም ቅርብ ነው፤ ሁለት ሠርቶ አንዱ ከዳነ እሱን እወስዳለሁ። ልባሱን የት ላይ ላወፍርልሽ ሲለኝ ጠርዙን ትመርጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ጠርዙ ሁልጊዜ ይታያልና። እኔ መሃሉን አልኩት፤ ወጡ የሚፈስስበትን፣ እጆች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚገናኙበትን።