ከማሙሽና ከሚጡ ጋር ጣርማ በርን ስንወርድ

ሁሉም የጠየቀኝ ስለ ሕፃኑ ነበር። «የስምንት ወር ልጅ ይዘሽ ሸዋ ሮቢት?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። ጎረቤቴ ደግሞ «የደብረ ብርሃን ብርድ ይመታዋል» አለች። «ከብርዱ ቢተርፍ የቆላው ትንኝ አለ» ያለችኝም ነበረች። ስለ አራት ዓመቷ ልጄ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አላሰብኩባትም። በመንገድ ላይ ያገኘን ችግር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ከልጆች ጋር ራቅ ወዳለ አገር ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር። ባለቤቴ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። እናቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው ማሙሽ ሲወለድ ሊመጡ አልቻሉም። በደወልን ቁጥር «የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ልሙት?» ይሉናል። ስለዚህ ማሙሽ ወገቡ ጠንቶ መቀመጥ ሲችል፣ ከጡት ሌላ የምጥን ገንፎ መብላት ሲጀምር፣ በቃ እንሂድ ተባባልን።

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሜን ሸዋ ብዙ መከራ አይቷል። ዛሬ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ። ልጅ ተይዞ በግምት አይኬድም።

ጓዙን ለማዘጋጀት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለማሙሽ ዳይፐር፣ ሁለት ጡጦ፣ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ፣ የምጥን ዱቄት፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ኦአርኤስ፣ ማዘያ፣ አጎበር፣ የክትባት ካርዱ። ሹራብ በሹራብ ላይ። ለሚጡ በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ሁለት ቅያሪ ልብስና አንድ ጃኬት። ትልቅ ልጅ አይደለች? እንዲያ ነበር ያሰብኩት።

ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በግማሽ ቀን ይገባል። እኛ ለሁለት ቀን ከፈልነው፤ አዳራችን ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንውጣ ብሎ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ማሙሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ የምንነሳው ያኔ ነው አልኩት። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ የተሳካው ይሄ ነው። ሲያዛጋ መኪና ውስጥ አስገባነው፣ ለገጣፎ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው፣ የነቃው ሸኖ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳንነሳ ተስማምተን ነበር። ማሙሽ ከወንበሩ የሚወጣው መኪናው ሲቆም ብቻ ነው። ከውጭ የመጣች ዘመዳችን ትታልን የሄደች የሕፃን የመኪና ወንበር አለችን፤ እሷን ከቪትዛችን የኋላ ወንበር ጋር አሰርናት። ልጅን ታቅፎ መሄድ ሁላችንም የለመድነው ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን የእናት ክንድ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ልጅ አይዝም። ስለዚህ ጡት ሲፈልግ ዳር ይዘን እንቆማለን። አጥብቼ፣ አስገስቼ፣ ዳይፐር ቀይሬ፣ ደግሞ እንነሳለን። በየሰዓቱ መቆም ያሰለቻል ብዬ ነበር፤ ግን ሸኖ ላይ ቅቤ የያዙ ሴቶች መኪናችንን ከበው ማሙሽን ሲያጫውቱት፣ ሚጡ ደግሞ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ በጣቷ ስትነካ ሳይ ደስ አለኝ። የሸኖን ቅቤ ስም እንጂ ስትሸጥ የምትውለውን ሴት አላውቃትም ነበር።

ደብረ ብርሃን የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። አባቷ የከተማዋን ስም ታሪክ ለሚጡ አጫወታት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሳሉ ሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ እሳቸውም ከተማና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ደብረ ብርሃን የተባለችው ለዚህ ነው አላት። ሚጡ ሲመሽ በረንዳ ላይ ወጥታ ብርሃኑን ፍለጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። «ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው» አልኳት። ማሙሽን እያለበስኩ ነበር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። የጥር ሌሊቷ ውርጭ ነው። አልጋ የያዝንበት ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ማሙሽን በሁለት ሹራብ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ደራርቤ ሸፈንኩት። እጁን ስነካው ቀዝቅዟል፤ ሌላ ጨመርኩ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። የቤቱ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ እናት፣ ለቅሶውን ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ እጁን አትይ። አንገቱን ከኋላ ዳብሺው።»

ዳበስኩት። በላብ ርሷል።

አንዱን ሹራብ አወለቅን። ብርድ ልብሱን ከፊቱ አራቅን፤ የሕፃን ፊትና አፍንጫ ፈጽሞ መሸፈን የለበትም። ወዲያው ተኛ። እጅና እግር በብርድ አገር ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፣ የልጅ ሙቀት የሚታወቀው በአንገቱና በጀርባው ነው። ይህን ከእኚያ እናት ነው የተማርኩት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነገር እግሬን ነካኝ። ሚጡ ናት። በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ ቆማለች። «እማዬ፣ በረደኝ» አለች። አልጋዋ ላይ የነበረው አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ሌላው ማሙሽ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። እንቁላል ፍርፍር በዳቦ፣ በላዩ ወተት፣ ይበቃታል እስክትል አበላኋት። መንገድ ላይ ዝም እንድትልልኝ ስልኬን ሰጠኋት። ካርቱን እያየች ጉዶ በረትን አለፍን።

ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ከመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ አገኘናቸው። እዚያ መቆማችን ጥሩ ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለየዋል። ከመኪናው ሳንወርድ፣ ምንም ሳንወረውርላቸው፣ መስኮት ዝቅ አድርገን አየናቸው። አንዷ እናት ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች፣ በሁለት እጇ ሣሩን ትነቅላለች፣ ትሰበስባለች፣ ወደ አፏ ትወስዳለች። ልጁ ፀጉሯን ጨምድዶ ይዟል። ሚጡ ስልኩን ረስታ «እሱም ታዝሏል» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ትልቋ ልጇስ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ጡጦ እያዘጋጀሁ ነበር።

ጡጦው ለቁልቁለቱ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ጠዋት ስንወርድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ጆሮ ይደፈናል። ትልቅ ሰው ምራቁን ውጦ ይከፍተዋል። ሕፃን ይህን አያውቅም፤ የሚጠባውና የሚውጠው ነገር ካገኘ ግን ጆሮው በራሱ ይከፈታል። ከወንበሩ ላላወጣው ስለተስማማን የጡት ወተት ጠዋት አልቤ በጡጦ ይዣለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እንደታሰረ አጎረስኩት። ማሙሽ ከላይ እስከ ታች አንዴም አላለቀሰም።

ያለቀሰችው ሚጡ ናት። መጀመሪያ ዋሻው መጣ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ያስቆፈረው፣ ሰው እስካሁን የሙሶሊኒ ዋሻ የሚለው፣ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለሷ ግን ቀኑ ድንገት ሌሊት ሆነ። የነገራት ሰው የለም። ጮኸች፣ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። ወጥተን ብርሃን ስናይ ገና ትንቀጠቀጥ ነበር። «አይዞሽ፣ አለቀ» ብዬ ስልኩን መልሼ ሰጠኋት።

ከዚያ ጠመዝማዛው። አንድ ጊዜ «ሆዴን» አለች። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ደርሰናል» አልኳት። ሁለተኛ «ሆዴን» አለች። ጡጦውን ይዤ ነበር። ደብረ ሲና ከተማ ሳንገባ እንቁላሉም ወተቱም ቀሚሷ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ስልኩ ላይ ወጣ። ቅያሪዋ መኪናው ኋላ፣ ከሁሉ ሻንጣ ሥር ነው። ፌስታል እጄ ላይ የለም። ባለቤቴ ዳር ያዘ፣ ጉም በብርድ ፊታችንን እየመታን ልጄን መንገድ ዳር አቁሜ ልብሷን አወለቅኩ። የማሙሽ እርጥብ ሶፍት ባይኖር ምን እንደማደርግ አላውቅም። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ እጇን ወደ ላይ አንስታ እስካለብሳት ጠበቀች። ያ ዝምታዋ ከለቅሶዋ ይልቅ አንጀቴን በላኝ።

አርማኒያን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሙቀቱ ከመኪናው ስንወርድ ጠበቀን። አማቴ በር ላይ በምርኩዝ ቆመዋል። ማሙሽን ይዤ ወደሳቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን አለፉኝ። ጎንበስ ብለው ሚጡን ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ደግሞ ግንባሯን ሳሟት።

«እማማ፣ ማሙሽ እኮ ነው፣ ይያዙት እንጂ» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ። እሱ ጡትሽ አለው። ይቺ ምን አላት? መጀመሪያ እሷን ካልሳምኩ ወንድሟን ትጠላዋለች።»

ስምንት ወር ሙሉ ሊያቅፉት የናፈቁትን ልጅ አስጠብቀው፣ ሚጡን እጇን ይዘው ጓሮ ወሰዷትና ፓፓያው ዛፍ ላይ እንዳለ አሳዩዋት። ማሙሽን ያቀፉት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሲያደርጉ ደግሞ ሚጡን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «እግሩን አንቺ ያዢልኝ፣ እንዳይወድቅ» አሏት።

አምስት ቀን ተቀመጥን። ስለ ትንኙ ብዙ አልጽፍም፤ አጎበራችንን ከቤት ይዘን ሄደን ነበር፣ ከምሽት ጀምሮ ልጆቹን ረጅም እጅጌ አለበስን፣ አራታችንም አጎበር ውስጥ አደርን። ከእማማ ጋር የተከራከርነው በማር ብቻ ነው። ለማሙሽ በጣታቸው ሊያልሱት ፈለጉ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ አንጀቱ የማይችለው ጀርም ሊኖርበት ይችላል። «እማማ፣ ዓመት ሲሞላው እርስዎ ራስዎ ያልሱታል» አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ማሩ ለሚጡ ዳቦ ላይ ተቀባ።

ስንመለስ አንኮበርን ለማሳየት አስበን ነበር። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ሳይቆረቁሩ መናገሻቸው የነበረች፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ናት። ሰረዝናት። ለዚህ ጉዞ አንድ ቦታ ይበቃል፤ ልጅ ሲያዝ ካሰቡት ግማሹን መተው አለ።

የመልሱን መንገድ በሌላ መንፈስ ተነሳን። ለሚጡ ቁርስ ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ ሰጠኋት። ስልክ የለም። የፊት መስታወቱ እንዲታያት ከመሐል አስቀመጥኳት፤ ሰው ሲያቅለሸልሸው ዓይኑ ሩቅ መንገድ ላይ ከሆነ ይሻለዋል። ፌስታልና ቅያሪ ልብስ እግሬ ሥር። ፖፖዋም እዚያው፤ ሽንቷ በመጣ ቁጥር ቁጥቋጦ አንፈልግም። ሥራም ሰጠኋት። ጠመዝማዛ ሲመጣ አስቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። «ወደ ግራ! አሁን ወደ ቀኝ!» ትላለች፤ አባቷ «እሺ እመቤቴ» ይላል። ደብረ ሲናን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ አንዴም «ሆዴን» አላለችም።

ዋሻው በሩቅ ሲታይ ነገርኳት። ይጨልማል፣ የመኪናው መብራት ይበራል፣ እስከ መቶ ሳትቆጥሪ እንወጣለን አልኳት። እሷ ወደ ማሙሽ ዞረች። አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ «አሁን ይጨልማል። አትፍራ እሺ? ቶሎ ይነጋል» አለችው። ከዚያ ጣቷን አስያዘችውና መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስትደርስ ተሳሳተች፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሁለተኛ ሃያ ላይ ሳትደርስ ወጣን።

ከዋሻው ወዲያ ጉሙ ወርዶ ነበር። ባለቤቴ ዳር ይዞ አቆመ፣ የብርድ ልብስ ሻንጣውን ከፈትኩ። ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉልኝ። መጀመሪያ የሚጡን ሹራብ አለበስኳት።