ኤዲተሬ ስህተቱን ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን አላየሁትም

ለራሴ መጠቀሚያ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ትንሽ ቴክስት ኤዲተር፣ ማለትም ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም አለኝ። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ተርሚናል ውስጥ ነው የሚሠራው። ብዙ ነገር የለውም፣ ግን እጄ ለምዶታል። አንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ስጽፍ ቆየሁና ሴቭ አደረግኩ፤ ከታች «ተቀምጧል» የሚል አየሁ፣ ዘጋሁት። በማግስቱ ፋይሉን ስከፍተው ባዶ ነው። ዜሮ ባይት።

ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ያንገበገበኝ ግን የጽሑፉ መጥፋት ብቻ አይደለም። ኮዱን ስመረምረው ኤዲተሩ ችግሩን በደንብ አውቆታል። መጻፍ እንዳልተቻለ የሚናገረው መልእክት ተዘጋጅቶ ስታተስ ባሩ፣ ማለትም ከታች ያለው የመልእክት መስመር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሴቭ የሚያደርገውን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የጠራው ኮድ ምን እንደተመለሰለት ሳያይ በላዩ ላይ «ተቀምጧል» ብሎ ጻፈበት፣ ያልተቀመጠ ለውጥ መኖሩን የሚያሳየውንም ምልክት አጠፋው። በሁለቱ መልእክቶች መካከል ስክሪኑ አንድም ጊዜ አልተሳለም። ያ ስህተት ለዓይን የታየበት ቅጽበት የለም።

የመልእክቱን አሠራር የወሰድኩት ከኪሎ ነው። ኪሎ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2016 ያወጣው፣ አንድ ሺህ መስመር ገደማ የሆነ ኤዲተር ነው። የኤዲተርን አሠራር መማር ለሚፈልግ ሰው ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እዚያ ውስጥ መልእክት ማለት 80 ባይት የሚይዝ አንድ ቦታና መልእክቱ የገባበት ሰዓት ነው፤ 5 ሴኮንድ ካለፈው ስክሪኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳል አይወጣም። ለመማሪያ ግሩም ነው። እኔ ግን በየቀኑ ለምሠራበት መሣሪያ እንዳለ ገለበጥኩት። ቦታው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን ይበላዋል።

ከመጠገኔ በፊት ሌሎቹ እንዴት እንደሚያደርጉት ላንብብ አልኩ። ኬን ቶምፕሰን በ1969 የጻፈው ኢዲ የሚባል ኤዲተር ስህተት ሲያጋጥመው «?» ብቻ ነው የሚያትመው። ብዙ ሰው ይማረርበታል። ግን ዛሬ በምናገኘው ኢዲ ውስጥ «ኤች» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት የመጨረሻው ስህተት ምን እንደነበር ይነግራችኋል፤ ማለትም ስህተት መኖሩን ማሳወቅና ምንነቱን ማስረዳት ተለያይተዋል። ኢማክስ የሚባለው ኤዲተር መልእክቱን ከታች ባለው መስመር ያሳይና አብዛኛውን ጊዜ ቅጂውን ለመልእክት በተለየ በፈር (ጽሑፍ የሚይዝበት ቦታ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያመለጣችሁን ተመልሳችሁ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ታነቡታላችሁ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ቪም ከሚባለው ኤዲተር ነው። እዚያ ስህተቶች በአንድ በር ነው የሚያልፉት። በሩ ላይ ብዙ ነገር ይታያል፦ ተጠቃሚው ዝም በል ብሎታል ወይ፣ ስህተቱን የሚይዝ ስክሪፕት ውስጥ ነን ወይ፣ ከሆነ ወደ ስክሪን ሳይሄድ ለስክሪፕቱ ይተላለፋል። ጽሑፉ ይመዘገባል። ተሰልፈው የሚጠብቁ ትእዛዞች ይጣላሉ፤ ይሄ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ግን ከመሃሉ የከሸፈ ማክሮ (ተቀድቶ የሚደገም የትእዛዝ ሰንሰለት) የቀረውን ይዞ ቢቀጥል ፋይሉን ምን ሊያደርገው እንደሚችል አሰብኩና ገባኝ። ቁጥሩም አለ። «ኢ37» ካላችሁ ያልተቀመጠ ለውጥ አለ ማለት ነው፣ እርዳታው ውስጥ በቁጥሩ ፈልጋችሁ ማብራሪያውን ታገኛላችሁ።

እኔም አንድ በር ሠራሁ። ማንኛውም ኮድ ስታተስ ባሩን በቀጥታ እንዳይነካ ከለከልኩ። ስህተት ያገኘ ክፍል ክብደቱን፣ ቁጥሩንና ምክንያቱን ይዞ ወደ በሩ ይመጣል፤ በሩ 200 ቦታ ባለው ቀለበት ውስጥ ይመዘግበዋል፣ ቀለበቱ ሲሞላ የቆየው ይወጣል። ምን ይታይ የሚለው ስክሪኑን የሚስለው ኮድ ጉዳይ ነው። እሱ ከቀለበቱ ውስጥ ያልታየውን ከባዱን መልእክት ይመርጣል። «ተቀምጧል» የሚል ቀላል መልእክት ያልታየ ስህተትን መሸፈን አይችልም።

ታየ የሚባለው መቼ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ተቸግሬያለሁ። በመጀመሪያ ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን መልእክቱ እንዲጠፋ አደረግኩ። ግን በፍጥነት ስጽፍ መልእክቱ ከመሳሉ በፊት የጫንኳቸው ቁልፎች ወረፋ ላይ ናቸው፣ ልክ እንደተሳለ የመጀመሪያው ቁልፍ ያጠፋዋል። አሁን ከተሳለ በኋላ የተጫነ ቁልፍ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሴቭን የሚመለከት ስህተት ደግሞ ኢስኬፕ እስክጫን ድረስ አይነሳም። ሰዓት ቆጥሮ የሚጠፋ የስህተት መልእክት አልቀበልም፤ ሰው ወረቀት ሊያይ ዞር ሊል ይችላል።

የምክንያቱ ነገርም አስቸግሮኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቭ ሲደረግ መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ዲስክ ላይ መድረሱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው ስሙ ወደ ዋናው የሚቀየረው፤ ስለዚህ ቢከሽፍም የድሮው አይነካም። ዲስክ ሞልቼ ስሞክረው ግን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ምን ነካው? ለካ ሲከሽፍ ጊዜያዊውን ፋይል ለማጥፋት እሞክር ነበር፣ የፋይሉን ስም ተሳስቼ ስለሰጠሁት ያም ከሸፈ፣ ኤርኖ (የመጨረሻው ስህተት ቁጥር የሚቀመጥበት ተለዋዋጭ) ውስጥ የነበረውን 28 በ2 ተካው። በሊኑክስ 28 ቦታ የለም ማለት ነው፣ 2 ፋይሉ የለም። ኤርኖን ስህተቱ እንደተፈጠረ ወዲያው ወደ ራሳችሁ ተለዋዋጭ ቅዱት፣ ከዚያ በፊት ፋይል የሚዘጋውን ፈንክሽን እንኳን አትጥሩ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ 80 ባይት ትንሽ ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ከ80ው አንዱ የጽሑፉን መጨረሻ ለሚያመለክተው ዜሮ ስለሚሄድ 26 ፊደል ይገባና 1 ባይት ይተርፋል። ያ የተረፈው ግማሽ ፊደል ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ረጅም የአማርኛ የፋይል ስም ያለው መልእክት ሁሉ እንደዚያ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቦታ 512 ባይት ነው፣ የሚቆረጠውም ከፊደል ድንበር ላይ፤ ሲቆረጥም የፋይሉ ስም መሃል ያጥራል እንጂ ምክንያቱ አይነካም። 200ው በአንድ ላይ 100 ኪሎባይት ነው። ኤዲተሩ ሲነሳ አንዴ ይያዛል፣ ምክንያቱም ሜሞሪ አለቀ የሚለውን መልእክት ለመጻፍ ሜሞሪ መጠየቅ አይቻልም።

በሩ ራሱ ስክሪን መሳል የለበትም። የእኔ ይስል ነበር። ቃላት የሚያቀልመው ኮድ በመሳል ላይ እያለ ስህተት ሲያገኝ በሩን ይጠራል፣ በሩ ይስላል፣ ሲሳል ያው ስህተት እንደገና ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ስታኩ፣ ማለትም የተጠሩት ፈንክሽኖች የሚመዘገቡበት ሜሞሪ እስኪሞላ። አሁን መዝግቦ «ይሳል» የሚል ምልክት ብቻ ያነሳል። ያው ስህተት ሲደጋገም አዲስ ቦታ አይወስድም፣ ቁጥሩ ብቻ ይጨምራል፦ «37 ጊዜ»።

ኤዲተሩ ራሱ ሊሞት ሲል ያለው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ተርሚናሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ከዚያ መልእክቱ ይታተማል። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት መልእክቱ ኤዲተሩ በያዘው ስክሪን ላይ ይጻፍና ከስክሪኑ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ለመሞከር ዲስክ መሙላት አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ «ዴቭ ፉል» የሚባል ፋይል አለ፣ ወደ እሱ የሚጻፍ ሁሉ ቦታ የለም ይባላል። የመጻፊያውን ፈንክሽን ወደዚያ አዙሬ ሴቭ አደረግኩ። ከታች በቀይ «ዲስኩ ሞልቷል፣ አልተቀመጠም» አለ። ሌላ ቁልፍ ጫንኩ፣ አልሄደም። ልዝጋው ብዬ ሞከርኩ፣ ያልተቀመጠ ለውጥ አለ ብሎ እምቢ አለኝ።