ጥላ ሥር

ጥቅምት ገብቶ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የእኛ ግቢ ግን አሁንም ሐምሌ ነው። ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ 7ኛው ላይ ከደረሰ ወዲህ፣ የጠዋት ፀሐይ አራት ኪሎን ሁሉ አዳርሳ እኛን ትዘላለች።

ዛሬ ጀበና ጥጄ፣ ለቡናው ጤና አዳም ልቀነጥስ ወጣሁ። የዘይት ጣሳ ውስጥ ያለችው ናት። አንገቷን ወደ በሩ አስግጋለች። ግንዷ ቀጥኗል፣ ቅጠሏ ገርጥቷል። ሽታዋም የቀነሰ መሰለኝ (ወይ ጉንፋኔ ነው)። ፀሐይ የለመደ ተክል ጥላ ሲወድቅበት እንዲህ ነው። ብርሃን ፍለጋ ሲንጠራራ አቅሙን ቁመት ላይ ይጨርሰዋል።

እሷን እያየሁ ኮረሪማ ትዝ አለኝ።

የዛሬ ስንት ዓመት ለሥራ ቦንጋ የሄድኩ ጊዜ ነው። ጫካ ውስጥ የሚመራን ሰውዬ ጎንበስ አለና ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ «ይኸው» አለኝ። ቀይ ፍሬ። ጫፉ ላይ ሳይሆን እግሩ ሥር፣ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ የማውቀው ደርቆ በገመድ ተሰክቶ ገበያ ሲሸጥ ነው። ዛፍ ላይ የሚያፈራ ይመስለኝ ነበር (አትሳቁ)። ለካስ የዝንጅብል ዘመድ ነው።

ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ዛፎቹ አናት ላይ ካረፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከ100 ሁለት እጅ አይሞላም። ኮረሪማና ሌሎቹ የታች ተክሎች እንንጠራራ ቢሉስ? ከላይ ያለው የ30 ሜትር ዛፍ ነው፣ የት ሊደርሱ! እዚያ ሥር የሚኖሩት ተክሎች መንጠራራቱን ትተውታል። ቅጠላቸውን ሰፋ፣ ሳሳ አድርገው ይጠብቃሉ። ነፋስ ቅርንጫፉን ገለል ሲያደርገው ሳንቲም የምታህል ፀሐይ ትወርዳለች። ለሰከንዶች፣ ቢበዛ ለደቂቃዎች። የቀን ምግባቸውን ትልቁን ድርሻ በእሷ ሊሠሩ ይችላሉ። ቅጠሉ አንዴ ከነቃ ደግሞ ፀሐይዋ ብትሄድም ቶሎ አይተኛም። ቀጣይዋን ይጠብቃል።

ዛፉ ቢወድቅላቸውስ? እሱም እልልታ አይደለም። ድንገት የገባው ፀሐይ ጥላ የለመደውን ቅጠል ይለበልበዋል። ክፍተቱንም ፀሐይ ወዳዱ አረም ይሻማበታል። (ፎቁ ይውደቅ አላልኩም። አስቤው ነበር እንጂ።)

እኔ ታዲያ የትኛዋ ነኝ? እንደ ኮረሪማ አርፌ ልቀመጥ፣ ወይስ አንገቴን እንዳሰገግኩ ልቅር?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ በፎቁና በሮቶው መሃል ምጣድ የምታህል ፀሐይ ገባች። ጣሳውን አንስቼ እሷ ላይ አስቀመጥኩ። ተንሸራተተች። ተከተልኳት። አሁንም ተንሸራተተች። ለሦስተኛ ጊዜ ስከተላት እትዬ አ. ባጥሩ ብቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቡናሽ ገንፍሎ ሽታው እኛ ቤት ደርሷል!» አሉኝ።

ጣሳ አቅፌ መቆሜን አይተዋል። ስለ እሱ ግን ምንም አላሉም። እሱ ነው የከነከነኝ።