ቃል የተገባው ብርና የገባው ብር

በ2014 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የእራት ግብዣ አዘጋጀን። ከመድረኩ ጀርባ የሰቀልነው ባነር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ከተወለድኩባት ደሴት ወደ ከተማ የምታሻግር የሞተር ጀልባ ልንገዛ ነው የተነሳነው። እንግዶቻችን አንድ በአንድ እየተነሱ ቃል ሲገቡ መድረክ መሪው ድምሩን ያውጃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ስንበተን ወረቀቱ ላይ 640,000 ብር ሰፍሯል። የተወላጆች ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ባንክ ሄጄ ሒሳቡን ሳስወጣ የገባው 71,000 ብር ነበር። ለአዳራሹና ለምግቡ የከፈልነው ደግሞ 58,000።

እንደኛ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተነሳ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እኛ ዘጠኝ ወር የፈጀብንን እሱ በሦስት ወር ሊጨርሰው ይችላል።

ደሴታችን ጤና ኬላ አላት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ መውለጃዋ የደረሰ እናት ቀድማ ተሻግራ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ውስጥ እንድትቆይ ይመክራሉ፣ ብዙዎቹም ይሄዳሉ። ምጥ ግን ያለ ቀኑ ይመጣል። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። የጣና ነፋስ ከቀትር በኋላ ሲነሳ የደንገል ታንኳ ይዞ የሚወጣ ደፋር ነው፤ የነጋዴ ጀልባ የሚመጣውም በገበያ ቀን ጠዋት ነው። ልጅ ሆኜ የእናቴን ጎረቤት በቃሬዛ እስከ ዳርቻው ተሸክመዋት፣ ማዕበሉ እስኪበርድ እዚያው ሲጠብቁ አይቻለሁ። አልበረደም።

አንድ ቀይ ደብተር ገዛሁና ቃል የገቡትን ሁሉ ስም ጻፍኩበት። ከዚያ መደወል ጀመርኩ። ያኔ ነው ያላሰብነው ነገር ሁሉ የወጣው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሰው ያለውን ለልጁና ለዘመዱ ድግስ ጨርሷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው በጦርነቱ ለተፈናቀሉ ወገኖች ከጉርሻው እየቀነሰ ሲሰጥ ነው የከረመው። አንዳንዱ ጎኑ የተቀመጠው ሰው እጁን ስላነሳ አብሮ ያነሳ ነው። ይሉኝታ እጅ ያስነሳል እንጂ ኪስ አያስከፍትም። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የሌሎቹ መልስ ነው፦ «የባንክ ቁጥሩን ማን ሰጠኝ?» ለመስጠት ተዘጋጅተው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቃል መግቢያ ቅጽ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የመክፈያ ቀን ሳንይዝ ነበር አዳራሹን የሞላነው።

ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ዓሣ ነጋዴዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። ከእነርሱ አንዷን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላትን ሴት፣ ልለምናት ሄድኩ። ቀረሶና አምባዛ እየለየች ሰማችኝ፤ ስጨርስ ቀና አለች።

«መምህር፣ እናንተስ ስንት ሰጣችሁ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሰባት የኮሚቴ አባላት ነን፤ ሰባታችንም ጊዜያችንን እንጂ ገንዘባችንን አልሰጠንም።

«ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ጥላ ለጨረታ ሲወጣ አይተህ አታውቅም?» አለችኝ። «መጀመሪያ የሚጠራው ሰው መቶ ብር ካለ፣ የሚከተለው መቶ ሃምሳ ይላል፤ እዚያው ይሞታል። አስር ሺህ ካለ ግን መቶ ብር የሚል ሰው አፉን አይከፍትም። መጀመሪያ የሚጠራ ሰው ፈልጉ። ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁ ስጡ።»

በዚያው ሳምንት ኮሚቴውን ሰብስቤ እንዳለችው ነገርኳቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የህዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ፣ እንደ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዜን ለቦንድ ሰጥቼ በየወሩ ሲቆረጥብኝ ከርሜ ነበር። በአንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ አልችልም ነበር፤ ተከፋፍሎ ሲቆረጥ ግን ቻልኩት። አሁንም እንደዚያው አደረግን። ሰባታችን በየአቅማችን ፈርመን 96,000 ብር ሞላን። ይህን ይዤ ተመልሼ ስሄድ እትዬ 15,000 ብር ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ከእርሷ በኋላ ያነጋገርኳቸው ዓሣ ነጋዴዎች አንዳቸውም ከ5,000 በታች አልጠሩም።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት ዛሬም እወደዋለሁ። ለሒሳብ ግን አይሆንም። የጀልባዋ፣ የሞተሯና የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ዋጋ 1,200,000 ብር ነበር፤ ለሃምሳ ሲካፈል ለአንድ ሰው 24,000 ይደርሳል። ይህ ለአንድ መምህር ጌጥ ሳይሆን ሸክም ነው፤ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ደግሞ የቀን ወጪ ነው። ስለዚህ የአደባባዩን ልመና አቆምንና የሠላሳ ሰዎች ስም ዝርዝር አዘጋጀን። ለእያንዳንዱ ማን ቢሄድበት እንደሚሻል፣ ምን ያህል እንደምንጠይቀው፣ ከደሴቷ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጻፍን። በመጨረሻ ከዝርዝሩ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ከአጠቃላዩ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ሰጡ።

ከዘጠኙ ትልቁን የሰጠው ሰው ግን መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። የካቲት ላይ በቴሌብር 500 ብር ገባ፤ መልእክት የለውም። ላኪው ባሕር ዳር የሚኖር የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ደውዬ አመሰገንኩት፣ ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ለሰጡን ሁሉ በየወሩ አጭር መልእክት መላክ ጀመርኩ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው። የመጀመሪያው መልእክት ላይ የእራቱን 58,000 ብር ልጻፍ አልጻፍ በሚለው ተከራከርን። አንዱ የኮሚቴ አባል «ገመናችንን ለምን እንገልጣለን?» አለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የእራት ወጪ በዚያ ይቆጠር አይቆጠር ለሒሳብ ባለሙያ ልተወው፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ከገባልን መቶ ብር ሰማንያውን ለግብዣ ማዋላችንን ግን ሰጪዎቻችን ማወቅ አለባቸው ብዬ ጻፍኩት።

ሰኔ ላይ ነጋዴው ደወለ። «መምህር፣ የእራቱን ወጪ ስትጽፉ አይቻለሁ። ከዚህ በፊት ለብዙ ነገር ሰጥቻለሁ፤ ‹ይህን ያህሉ ባከነ› ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ና ቡና እንጠጣ።»

ብቻዬን አልሄድኩም። ልጅ ለማጋባት ሽማግሌ እንደሚላክ ሁሉ፣ አባቱን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከደሴቷ አስመጣሁ። የምጠይቀውን መጠን ቤቴ ውስጥ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ፤ «የቻሉትን ያህል» ማለት ሰጪውን ግምት ውስጥ መጣል መሆኑን እስከዚያ ድረስ ተምሬያለሁ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «400,000 ብር እንዲሰጡን ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው» አልኩ። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም «ባይሆን ግማሹን» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሽማግሌው ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቶ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። እርሱን የወለደችው በታንኳ ላይ ነው፣ ወደ ዳር ሊደርሱ ሲሉ። እርሱ ተረፈ፣ እርሷም ተረፈች፤ ታናሹ ሲወለድ ግን አልተረፈችም።

400,000ውን ሰጠ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጀልባዋ ላይ የእናቱ ስም እንዲጻፍ። እኛ በደስታ ልንነሳ ስንል ሽማግሌው አልተነሱም። «ልጄ፣ የእናትህ ስም ያለባት ጀልባ ቤንዚን አጥታ ዳር ላይ ታስራ ብትውል ደስ ይልሃል?» አሉት። ለጀልባ የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ለቤንዚን፣ ለዘይት፣ ለሞተረኛው ደመወዝ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። የሁለት ዓመቱን ወጪ 260,000 ብር ብለን ገምተነው ነበር። ግማሹን እርሱ ቻለው።

ስም የማስጠራት ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር፤ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም ወንድማችን በረመዳን ጠርቶ ሲሰጠን ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አያውቅ ብሎ ስሙ እንዳይነሳ ለመነን። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው እንዴት መመስገን እንደሚፈልግ ሳልጠይቅ አላመሰገንኩም።

አንድ ስጦታ መልሰናል። አንድ ባለሀብት 250,000 ብር ሊሰጠን፣ ጀልባዋ ግን ቅዳሜና እሑድ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት እንድታመላልስ ጠየቀ። ገቢው ለቤንዚን ይሆናችኋል አለን። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ሦስት አባላት እንቀበል አሉ፣ አራታችን አይሆንም አልን፤ ምጥ ቅዳሜ ነው ብሎ አይቀርም። ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ግዢው በዚህ ምክንያት አራት ወር ዘገየ፤ በእነዚያ ወራት ከደሴቷ በሌሊት ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቤ ትቆም ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እወስናለሁ፤ ግን ቀላል ውሳኔ ነበር ብዬ ለማንም አልነግርም።

ጀልባዋ ጥቅምት 2015 ውኃ ነካች። በሦስተኛው ሳምንት ሞተረኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት እናትና አዋላጇን ይዞ ተነሳ። ሲነጋጋ ደወለልኝ። ለሰጡን ሁሉ የላክሁት መልእክት እንደወትሮው አጭር ነበር፦ የተሻገረች እናት አንድ፣ የተወለደች ሴት ልጅ አንዲት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የፈጀው ቤንዚን፣ የቀረው ገንዘብ።

መልእክቱ በእራቱ ምሽት ቃል ለገቡትም ደርሷቸዋል፤ ያልከፈሉትን ከዝርዝሩ አላወጣኋቸውም ነበር። ረፋዱ ላይ 5,000 ብር ገባ። ስሙን ከቀዩ ደብተር ጋር አመሳከርኩት፤ በጥር ወሩ እራት ላይ መጀመሪያ እጃቸውን ካነሱት አንዱ ናቸው። ደረሰኙን ቆርጬ ላክሁላቸውና ደወልኩላቸው።