ለቆመ መኪና የሚሆን ልብስ

ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪኖች ፕሮጀክታቸው ስላለቀ ብቻ ወዲያው አይሸጡም፤ የጉምሩክ ጉዳያቸው እልባት እስኪያገኝ አንድ ቦታ መቆም አለባቸው። የምሠራበት መሥሪያ ቤትም ሁለት ነጭ ላንድ ክሩዘሮችንና አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላን፣ ከአቃቂ አልፎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር በተከራየው ግቢ ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ አቁሟቸው ነበር። የስምሪት ክፍሉን ተረክቤ መኪኖቹን ለማየት የሄድኩት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ወር ነው።

ሦስቱም በሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ተጠቅልለው፣ ከላይ በናይሎን ገመድ ተጠፍረው፣ የሸራው ዳር ዳር ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። ከሩቅ ለሚያያቸው በደንብ የተያዙ ይመስላሉ፤ ሸራውም ክረምቱን ሙሉ ጠብታ አላስገባም። ኮሮላውን ስንገልጠው ግን ኮፈኑና ጣሪያው ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አውጥተዋል፤ ቀደም ሲል ጠጠር እየመታ ቀለሙን ባነሳባቸው ቦታዎች ዝገት ጀምሯል፤ በሩ ሲከፈትም የሻጋታ ሽታ ወጣ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ደግሞ የፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ገመዱ ባለፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ተፍቆ አልቆ ከሥሩ ያለው ግራጫ ቀለም ወጥቶ ነበር።

ዝናብ ካልገባ ውሃው ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ የመለሱልኝ ግቢውን የሚጠብቁት አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከላይ የመጣ አይደለም፣ ከታች ነው» አሉኝ። «መሬቱ መረሬ ነው፤ አንዴ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። ሸራው ማታ ማታ በውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ጠዋት እጄን ሰድጄ ዳስሼዋለሁ።» እውነታቸውን ነው። ቀን ፀሐይ ሸራውን ስታግለው ከእርጥቡ አፈር የሚነሳው እንፋሎት ፕላስቲኩ ሥር ይታፈናል፤ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲከብድ ያው እንፋሎት በሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ውሃነት ተመልሶ መኪናው ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ የማያስገባ ነገር ውሃ አያስወጣምም።

የገመዱ ጉዳይ ከነፋሱ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አካባቢ ከጥቅምት ወዲህ ደረቅ ነፋስ ይበረታል፤ ግቢው ገረጋንቲ የለበሰ ስለሆነና ከባድ መኪኖችም ከአጥሩ ውጭ ቀን ከሌት ስለሚያልፉ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የላላ ሸራ ነፋስ በገባበት ቁጥር ይነፋና ይመታል፣ በመሐል የገባውም ብናኝ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ከላይ የታሰረው ገመድም በእያንዳንዱ ንቅናቄ ጠርዝ ጠርዙን ይገዘግዛል። እኔ እስከማየው ድረስ በከተማዋ ዳርቻ የቆመን መኪና ከክረምቱ ዝናብ ይልቅ የበጋው ነፋስ ይጎዳዋል፤ ሰው ግን ሸራ ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ብቻ ነው። ፀሐይዋም ቀላል አይደለችም፤ ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ 2,000 ሜትርን ባለፈው በዚህ ከፍታ ተራ የፕላስቲክ ሸራ ቶሎ ይደርቅና መፈርፈር ይጀምራል።

አዲስ ከቨር እንዲገዛ ስጠይቅ የግዥ ክፍሉ ያዘጋጀው ዝርዝር «ወፍራም፣ ውሃ ፈጽሞ የማያሳልፍ» ይል ነበር። ዝርዝሩ ሳይፈረምበት ከግዥ ሠራተኛው ጋር ሶማሌ ተራ ወረድን። የሱቁ ልጅ አንዱን ዘርግቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ጠብታ አያስገባም» አለኝ። «ትንፋሽስ ያስወጣል?» ብዬ ጨርቁን አፌ ላይ አድርጌ ስነፋው ምንም አላለፈም። ሁለተኛው ግን ሲነፉት ጥቂት አየር ያሳልፋል፤ ከሃይላንድ ውሃ ስናፈስበትም ወዲያው አልጠጣም፣ እየተንከባለለ ወረደ። ገልብጬ ሳየው ውስጡ ለስላሳና ጥጥ መሰል ነው፤ ስፌቱም ድርብ ነው። እሱን መረጥን። መኪናው የሚቆመው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቢሆን ኖሮ ከዚህም የሳሳ፣ አቧራ ብቻ የሚከላከል ጨርቅ ይበቃ ነበር።

የግዥ ሠራተኛው ለሦስቱም አንድ ልክ እንግዛ ብሎ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር፤ ለሒሳብ ሥራ እንደሚቀል አልጠፋኝም። ነገር ግን 5 ሜትር ለሚጠጋ ላንድ ክሩዘር የተሰፋ ልብስ ኮሮላ ላይ ሲወድቅ ነፋስ የሚሞላው ከረጢት ስለሚሆን በየመኪናው ልክ አስገዛሁ።

ማልበሱን የመሩት እኒሁ ጠባቂ ናቸው። በመጀመሪያ መኪኖቹ ታጥበው፣ በየበሩ መጋጠሚያ የተደበቀው ውሃ ሳይቀር እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ቆዩ። ያልተቀደደው የአሮጌው ሸራ ክፍል መሬቱ ላይ ተነጥፎ መኪኖቹ እላዩ ላይ ቆሙ፤ ከመረሬው የሚነሳውን እርጥበት ያግዳል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅን በኋላ ከቨሩ ለበሰ። የከቨሩ ላስቲክ በሁለቱም ፓራውልቶች ሥር ተስቦ ከገባ በኋላ፣ ሦስት ሰፋፊ ጨርቅ ማሰሪያዎች ከጭስ ማውጫውና ከፍሬን ቱቦዎቹ ርቀው በመኪናው ሆድ ሥር አለፉ። የብረት ዘለበት ቀለም ስለሚቧጭር መቆለፊያው ፕላስቲክ እንዲሆን አደረግን። በላንድ ክሩዘሮቹ ላይ ጎልቶ የወጣው የአየር ማስገቢያ ቱቦ ጫፉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቀለለ፤ ስፖኪዮዎቹም እንዲሁ። በመጨረሻ ጠባቂው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ሳቡት፤ ከቦታው ሲንሸራተት ባዩ ቁጥር ማሰሪያውን እንደገና ያጠብቁ ነበር።

አሁን ፀሐይ በጠነከረችበት ረፋድ ላይ ጠባቂዎቹ ከቨሩን ከፊት እስከ መሐል አጥፈው መኪናውን ያናፍሱታል። ሲያጥፉ ውስጠኛው ገጽ መሬት እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፤ ገረጋንቲ ከያዘ ለሁለት ሰው አስይዘው ሳያራግፉት መልሰው አያለብሱም። የአንደኛው ላንድ ክሩዘር ከቨር በአየር ቱቦው በኩል ስፌቱ ተተርትሮ ስለነበር፣ ሠፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከውጭ ደግሞ የከቨሩን ትርፍ ቁራጭ ደርቦ በናይሎን ክር ሰፍቶልናል።