ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት አከፋፈል፦ እስካሁን የደረስንበት

ከአጫጭሮቹ አልፈን ወደ ረጃጅሞቹ ስንገባ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን የራሳችን ፊደል ነው። ሆሄ መቁጠር ስለለመድን «ስትሪት» (መንገድ) አራት ክፍለ ቃል (በአንድ አናባቢ ዙሪያ አንድ ላይ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ያለው ይመስለናል። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ነው፤ የሚሰማው አናባቢ «ኢ» ብቻ ነውና። ከፊቱ «እ» ጨምረን «እስትሪት» ካልነው ሁለት ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ የሚቆጠረው የተሰማ አናባቢ ነው።

የኃላፊ ጊዜ መድረሻው (ከግሡ መጨረሻ የሚጨመረው) «ኢ-ዲ» ራሱን ችሎ የሚቆጠረው ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው። «ዎንትድ» (ፈለገ) ሁለት፣ «ወርክድ» (ሠራ) አንድ፤ የኋለኛው መጨረሻ እንዲያውም «ት» ሆኖ ይሰማል።

ዋናው ነገር በድምፅና በትርጉም መክፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። «አንፕሪዲክተቢሊቲ»ን (ሊተነበይ አለመቻል) እንውሰድ። በድምፅ፦ አን-ፕሪ-ዲክ-ተ-ቢ-ሊ-ቲ፣ ሰባት። በትርጉም፦ አን + ፕሪ + ዲክት + አቢል + ኢቲ፣ አምስት። «አን» ትርጉሙን ያፈርሳል (አሉታ ያደርጋል)፣ «ፕሪ» አስቀድሞ ማለት ነው፣ «ዲክት» ከላቲን የመጣ «መናገር» ነው፣ «አቢል» መቻልን ያሳያል (መልኩን የቀየረው «ኤብል» ነው)፣ «ኢቲ» ስም ያደርጋል። የ«ዲክት» መጨረሻ «ት» በድምፅ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንደተሻገረች ልብ በሉ። ሁለቱን አከፋፈሎች በአንድ መስመር ላይ መጻፍ የሚያምታታው ለዚህ ነው፤ በሁለት መስመር፣ አንዱን ከሌላው በታች ጻፉ።

መድረሻ ሲጨመር አጽንዖቱም ቦታ ይለውጣል። በ«ፎቶግራፍ» የመጀመሪያው፣ በ«ፎቶግራፊ» ሁለተኛው፣ በ«ፎቶግራፊክ» ሦስተኛው ክፍለ ቃል ይጎላል። አጽንዖት ያጣው አናባቢ ስለሚደክም ሥሩ ለጆሮ ይጠፋል፤ በአጻጻፉ ግን አይለወጥም። ሥር ፍለጋ በዓይን፣ ቆጠራ በጆሮ የምንለው ከዚህ የተነሳ ነው።

«አንክል» (አጎት) ውስጥ ያለው «አን» ባዕድ መነሻ (ከቃል ፊት የሚጨመር) አይደለም። ሲነሳ የሚቀረው «ክል» ትርጉም የለውም። ይህ ፈተና ብቻውን ግን አይበቃም፤ «ዲክት»ም ለብቻው ቆሞ ቃል አይሆንም። እንደ «ኮንትራዲክት» (መቃረን) ያሉ ዘመዶቹን ፈልጉለት፤ ሥሩ በሌላ ቃል ውስጥ በተቀራራቢ ትርጉም ከተገኘ እውነተኛ ነው።

ለቀጣዩ ዙር «ኢንተርናሽናላይዜሽን»ን በሁለት መስመር ክፈሉ። የድምፁ መስመር ስምንት ካልሆነ «ሽን»ን ሁለት አድርጋችሁ ቆጥራችሁ እንደሆነ ተመልከቱ።